ምዕራፍ ስድስት፦ ስምንት ዙር

ኬሞቴራፒ የጀመረች ሴት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ አይገኝም። ጎረቤቱ፣ የጽዋ ማኅበርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው፣ ከወሊሶና ከወልቂጤ የመጣው ዘመድ ሁሉ ሙዝና ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ «እግዜር ይማርሽ» ሊል ይገባል። አየር ጤና የጅማ መንገድ በር ላይ ስላለች እንግዳ ለምዳለች፤ በዚያ መስመር የሚመጣ ሰው ሻንጣውን የሚያሳርፈው እዚያው፣ ወይም ካራ ቆሬና ዓለም ባንክ ካለ ዘመዱ ዘንድ ነው። በሁለተኛው ዙር ጠያቂው ይሳሳል። በአምስተኛው ዙር በሩን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ይሆናል። ሰዉ ጨክኖ አይደለም፤ «አንዴ ጠይቄያታለሁ» ብሎ ነው። ሕክምናው ግማሽ ዓመት ያህል እንደሚወስድ የነገረው የለም።

ድካሙ ግን እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው። ብሩ የሚያልቀው፣ የቤተሰቡ ትዕግሥት የሚሟጠጠው፣ «በቃ ይቅርብኝ» የሚባለውም ከመሃል በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለታማሚዋ ሳይሆን ለጠያቂዋ ነው፦ ለእህት፣ ለባል፣ ለልጅ፣ ለቡና ጎረቤት። ይህን የሚያነብ ሰው ደግሞ ጥቂት አይሆንም። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከሴቶች ካንሰር ሲሶው ገደማ የጡት ካንሰር ነው፤ በአገር ደረጃ በ2020 ለአንድ ዓመት የተገመተው አዲስ ታማሚ ከ16 ሺህ በላይ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።) ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ከ50 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ናቸው።

ማበርታት ያድናል ወይ?

«በርቺ፤ ሐሳብ ካልያዝሽ ትድኛለሽ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ከፍቅር የመጣ ንግግር ነው። ግን ግልባጩን አስቡት፦ ካልዳነች ያልበረታችው እሷ ናት ማለት ነው? አንዲት ሴት ሌሊት ስታለቅስ አድራ ጠዋት «በማልቀሴ በሽታውን አባባስኩት ይሆን?» ብላ ብትፈራ፣ ያን ፍርሃት የሰጠናት እኛ ነን።

በ1989 የስታንፎርዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ዴቪድ ስፒግል፣ የጡት ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸውን 86 ሴቶች አጥንቶ አስገራሚ ውጤት አወጣ። በየሳምንቱ ተሰብስበው ስለ ሕመማቸው የተነጋገሩት፣ ካልተሰበሰቡት ይልቅ በአማካይ አንድ ዓመት ተኩል ያህል የበለጠ ኖረው ተገኙ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሆኖም በ2001 ካናዳ ውስጥ በ235 ሴቶች ላይ ያው ነገር ሲደገም ዕድሜ አልጨመረም። ስፒግል ራሱ እንደገና ሞክሮ በ2007 ያወጣው ውጤትም የመጀመሪያውን አልደገመም። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ግን የሚናቅ አይደለም፤ በካናዳው ጥናት በተለይ በጣም ተጨንቀው የገቡት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀንሷል፣ የሕመም ስሜታቸውም ቀሏል። እንግዲህ የሰው ቃል ሕመምን ያቀላል። እጢን አያቀልጥም። ብታለቅስም አይባባስባትም፤ ታልቅስ።

ታዲያ ሰው ያለው ታማሚና ሰው የሌለው ታማሚ እኩል ናቸው? አይደሉም። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ የካንሰር ታማሚዎች መዝገብ ሲመረመር፣ ያገቡት በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ካላገቡት በ20 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደሆነ ሲፈተሽ፣ ያገቡት በሽታው ሳይሰራጭ ቀድመው ሐኪም ጋ ደርሰዋል፤ የታዘዘላቸውን ዋና ሕክምናም በብዛት አግኝተዋል። የትዳር ተአምር አይደለም። «ዛሬ ቀጠሮሽ ነው፣ ተነሺ» የሚል ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ከሚላኖ የመጣው ነው። ጣልያናዊው ሐኪም ጃኒ ቦናዶና በ1976 ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ኬሞ የጡት ካንሰርን ተመልሶ መምጣት እንደሚቀንስ አሳየ፤ ዛሬ በጥቁር አንበሳም በሌላም ሆስፒታል የሚሰጠው ሕክምና የዚያ ሥራ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እነዚያኑ ሴቶች 20 ዓመት ተከታትሎ በ1995 ያወጣው ውጤት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በግልጽ የተጠቀሙት ከታዘዘላቸው መድኃኒት ቢያንስ 85 በመቶውን የወሰዱት ናቸው። ጀምረው ያቆሙት፣ የቆራረጡት፣ መጠኑ የቀነሰባቸው ያን ያህል አልተጠቀሙም። ጊዜውም ዋጋ አለው። በ2016 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ለመጀመር ከ90 ቀን በላይ መዘግየት የመሞትን ዕድል ከፍ ከማድረግ ጋር አያይዞታል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚህ ይመነጫል። የማበርታት መለኪያው የታዘዙት ዙሮች በሙሉ፣ በተቻለ መጠን በቀናቸው መደረጋቸው ነው። ሐኪሙ ደሟን አይቶ «አንድ ሳምንት እናቆየው» ቢል ሕክምና ነው፤ በታክሲ ብር፣ በለቅሶ፣ በልጅ ፈተና፣ «ትንሽ ላገግም» በሚል የተዘለለ ዙር ግን ኪሳራ ነው። የጠያቂ ሥራ የሁለተኛውን ዓይነት መዝለል መከላከል ነው።

የ21 ቀኑ ኑሮ

ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦ አራት ዙር ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር፣ ቀጥሎ አራት ዙር ፓክሊታክሰል፣ በየ21 ቀኑ። የሷ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ የሚሰጥም አለ። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፣ እንደ ከረከዴ። መነሻው ከጣልያን አፈር የተገኘ ረቂቅ ሕይወት ነው። ፓክሊታክሰል ደግሞ በ1962 ከተሰበሰበ የአሜሪካ ዛፍ ልጥ የተገኘ ነው። «መርዝ ነው የሚሰጧት» ለሚሉ አክስቶች፣ አፈርና ቅርፊት መሆኑን መንገር አንዳንዴ ይረዳል። መርዝነቱም ሐሰት አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስን ይመታል፣ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አያውቅም። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኔ ሁሉም ቶሎ የሚባዙ ናቸው። የምታዩት ጉዳት ሁሉ ከዚህ ይመጣል፣ አብዛኛውም ይመለሳል።

ጥሩ ዜናው ጉዳቱ የቀን መቁጠሪያ ያለው መሆኑ ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ቀናት የማቅለሽለሽ ናቸው። ለማቅለሽለሹ ከሚሰጣት አንዱ ዴክሳሜታሶን እንቅልፍ ስለሚነሳ የመጀመሪያዋን ሌሊት ዓይኗ ፈጦ ልታድር ትችላለች፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሕዋሷ በጣም ይወርዳል፤ ፊቷ ደህና ይመስላል፣ ግን በሽታ መከላከያዋ ባዶ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የሷ ሳምንት ነው፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ወጣ ወጣ ማለት ያምራታል። አሁን ጠያቂው መቼ እንደሚመጣ አስቡ። በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ስታቅለሸልሽ፣ ወይም በሁለተኛው ሳምንት ከነጉንፋኑና ከነልጆቹ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ብቻዋን ናት። ቀኑን ማዞር ብቻ ትልቅ ስጦታ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው፣ ታላቅ ልጅ ወይም እህት፣ ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያ ይስቀል። ኬሞው ሰኞ ከሆነ ከ21 ቀን በኋላም ሰኞ ነው። ሰኞዎቹን ክበቡ፣ ከሰባተኛ እስከ አሥራ አራተኛ ያለውን በሌላ ቀለም አጥቁሩ። ዘመድ ሲደውል «በዚያኛው ቅዳሜ ና» ማለት ይቀላል። ደግሞም ታማሚዋ ራሷ አልጋዋ ላይ ሆና ስንት ክብ እንደተሰረዘ ታያለች።

የቀጠሮው ቀን

ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት የደም ምርመራ አለ። ሲቢሲ ይሉታል፤ ነጩን፣ ቀዩንና ፕሌትሌቱን ይቆጥራል። አብዛኛው የተላለፈ ዙር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሴትየዋ ሌሊት ተነስታ፣ ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች አድርጋ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ጥቁር አንበሳ ደርሳ፣ ሰልፍ ጠብቃ፣ «ደምሽ ወርዷል፣ በሳምንቱ ተመለሺ» ትባላለች። ያን ቀን ቤት ስትገባ ፊቷን ያየ ይረዳኛል። ሐኪሙ ከፈቀደ ምርመራውን ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ሰፈር ውስጥ ማሠራት ብዙ ከንቱ ድካም ያስቀራል። ደም መውረዱም የሷ ጥፋት አይደለም፤ «ሳትበዪ ቀርተሽ ነው» የሚል ሰው እባካችሁ በዚያ ቀን አይምጣ። ነጩን ሕዋስ ያወረደው ምግብ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው።

ስትሄድ ሚኒባስ ትችል ይሆናል። ስትመለስ አትችልም። ተጋፍቶ መቀመጥ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ጦር ኃይሎች ላይ መኪናው ሲቆም የሚመጣው ላብና ማቅለሽለሽ አለ። ብር ማዋጣት የሚፈልግ ማኅበር ካለ፣ ለስምንት መመለሻ የኮንትራት ታክሲ ይክፈል። ከፍሩቱ ይበልጥ ይጠቅማታል።

አብሯት የሚሄድ ሰው ዓይኑ እጇ ላይ ይሁን። ቀዩን መድኃኒት ነርሷ በጉሉኮሱ መስመር ቀስ እያደረገች ትሰጣለች። ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ክፉኛ ያቆስላል። ሴቶቻችን ሰው ማስቸገር አይወዱም፤ «ትንሽ ነው፣ እችለዋለሁ» ይላሉ። ቢያቃጥላት፣ ቢያብጥ፣ ቢቀላ ወዲያው «ሲስተር!» ብሎ መጥራት የአስታማሚው ድርሻ ነው። ፓክሊታክሰል ሲሰጥ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደረቷ ቢጨነቅ፣ ፊቷ ቢቀላ፣ ትንፋሽ ቢያጥራት እንዲሁ። አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯት፦ ከቀዩ መድኃኒት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንቷ ቀላ ሊል ይችላል። ሳይነገራት ሽንት ቤት ገብታ ያየች ሴት «ደም ሸናሁ» ብላ ሌሊቱን ስትጮህ ታድራለች።

ከክፍለ ሀገር የመጣች ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ማረፊያ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበር ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይመጣ ነበር፤ አሁን ጅማን የመሳሰሉ ከተሞች የካንሰር ማዕከል አላቸው፣ በጅማ መስመር የምትኖር ታማሚ ሐኪሟን ስለዚያ ብትጠይቅ አይከፋም። ዘመድ ለሌላት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ። ድርጅቱን በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር የሞተባቸው የማቲዎስ ወላጆች ናቸው፤ ለድሃ ታካሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ይሰጣል።

ቴርሞሜትር

ለታመመ ሰው ምን ልውሰድ የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ቴርሞሜትር። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ድንገተኛ ሕመም ነው። ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። ነጭ ሕዋስ በወረደበት ሳምንት ተራ የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደም ይመርዛል። እኛ ቤት የለመድነው ግን ብርድ ነው ብሎ ጋቢ መደረብ፣ ዳማከሴ ማሽተት፣ ፓራሲታሞል መስጠት ነው። ሳይለኩና ሳይደውሉ የተዋጠ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ደብቆ ሰዓት ይበላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሐኪሟን ይህን ጠይቁ፦ «በሌሊት ትኩሳት ቢመጣባት የት እንውሰዳት? በየትኛው ቁጥር እንደውል?» ዘነበወርቅ ያለው አለርት ለአየር ጤና ቅርብ ነው፤ ለሷ ግን የትኛው እንደሚሻል የሚያውቀው አካሚዋ ነው። መልሱን ከካርዷ ጋር ከበሩ ጀርባ ለጥፉት፣ መኪና ያለውን ጎረቤትም አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ኬሞ ላይ ናት» የሚለውን ይሁን። ትኩሳት ካለው ሌላ በሽተኛ ጋር ወረፋ እንድትጠብቅ አይፈለግም።

ወጥ ቤቱ

የአበሻ ቤት ፍቅር በመዓዛ ነው የሚገለጸው፤ ቁሌት፣ ዕጣን፣ የሚቆላ ቡና። ኬሞ ላይ ላለች ሴት እነዚህ ሦስቱ ጠላቶቿ ሊሆኑ ይችላሉ። ልታዝናኗት ቡና አፍልታችሁ ስትከቡ እሷ በጓዳ ታስታውካለች፤ አፍራም አትናገርም። ዕጣኑ ይቅር፣ ወጡ ሌላ ቤት ተሠርቶ ይምጣ፣ ቡናው ውጭ በረንዳ ላይ ይፈላ። የምትበላው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ይቀላታል። አጥሚት፣ የበሰለ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች በካሮት። አፏ ብረት ብረት ካላት በብረት ማንኪያ ፈንታ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ትሞክር። አፏ ከቆሰለ በርበሬ ይቆይ፤ በጨውና በፈላ ውኃ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ትጉመጥመጥ።

«ደም እንድትተካ» ተብሎ የሚመጣው ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ግን በር ላይ ይመለስ። ጥሬ ወተትም፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም እንዲሁ። ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱ ይፍላ። ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ስሙ የማይነገር የባሕል መድኃኒት ሲመጣ ደግሞ «ለሐኪሟ እናሳይ» በሉ። ጉበቷ ኬሞውን በማጣራት ላይ ነው፣ ሌላ ሥራ የሚጨምርበትን ነገር ሐኪሙ ሳያውቅ መስጠት አይገባም።

ጾም ሲገባ ቤቱ ይጨነቃል። በክርስትናውም በእስልምናውም ለበሽተኛ መንገድ አለው፤ የንስሐ አባቷ ወይም ኢማሟ ይንገሯት። ከእኛ ስትሰማ «እምነቷን አስጣሏት» ይሆናል፣ ከእነሱ ስትሰማ ግን ዕረፍት ነው። ጠበልም እንዲሁ። «ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይሄድም» ብለው ሰው ኬሞ ያስቆማሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ያው ክርክር ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ እንደማይቃረኑ በአደባባይ ተናገሩ፣ ብዙ ሰውም ሁለቱንም ይዞ ቆየ። ኬሞም ከዚያ አይለይም። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው፤ ነጭ ሕዋሷ በወረደበት ሳምንት በማለዳ ብርድ መነከርና ያልፈላ ውኃ መጠጣት አደጋ አለው። ሦስተኛው ሳምንት የተሻለ ነው። ያም ቢሆን ሐኪሟ ይወቅ።

ፀጉር

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። ትራስ ላይ፣ ሚዶ ላይ፣ በሻሹ ውስጥ። ውጭ አገር ጉዳዩ ውበት ነው። እኛ ጋ ሌላም ተጨምሮበታል፤ በብዙ አካባቢ ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። ራሷን በመስተዋት ያየች እናት የምታየው የለቀስተኛ ፊት ነው፣ ለቅሶው የማን እንደሆነም ልቧ ይጠይቃታል። ስለዚህ «ፀጉር ምን አላት፣ ዋናው ጤና» አትበሏት። ዋናው ጤና መሆኑን ታውቃለች።

የሚረዳው ቀድሞ መነጋገር ነው። መርገፍ ሳይጀምር አጠር አድርጋ መቆረጥ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት፤ ከፈለገች እቤት መጥታ የምትቆርጣት ሴት ፈልጉላት። ጎፈር ያለ ሻሽ፣ የጥጥ ኮፍያ፣ ዊግ፣ ነጠላ፣ ሂጃብ፣ የምትመርጠው እሷ ናት። እህቶች አብረው መላጨታቸውን በቴሌቪዥን ያየ ሰው «እኛም እናድርግ» ይላል፤ አንዳንዷን ያስደስታል፣ ሌላዋ ግን አራት ሐዘንተኛ ቤቷ ሲገባ ብታይ ትበረግጋለች። ቅንድብም ሊረግፍ እንደሚችል ይነገራት። ከመጨረሻው ዙር በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ፀጉሩ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ከድሮው ይበልጥ ተጠቅልሎ ነው የሚበቅለው።

የተደበቀው ስም

ክፉ ወሬ በቀጥታ አንናገርም። መርዶ እንኳ ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ተከብቦ ነው የሚነገረው። ይህ ባህል ለለቅሶ ያስኬዳል። ለኬሞ አያስኬድም። ቤተሰቡ ተማክሮ «እጢ ብቻ ነው በሏት» ይላል፣ ሐኪሙን በኮሪደር ጠልፎ «እባክዎ አይንገሯት» ይለዋል። እሷ ካርዷን ታነባለች፤ ባታነብም ወረፋ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ትነግራታለች። ከዚያ ሁለቱም ወገን እያወቀ ይደባበቃል፣ እሷም የምታዋየው ሰው ታጣለች። ከሁሉ የከፋው፣ በሽታዋን ያልተነገራት ሴት ትኩሳቷን እንደ ጉንፋን ታያለች፣ ስድስተኛውን ዙርም «ድኛለሁ» ብላ ትተወዋለች።

ሁሉን ነገር በአንድ ቀን አራግፉባት ማለት አይደለም። «ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ እኔ ሰምቼ ልንገርሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንዳንዷ ታላቅ ወንድሟ እንዲሰማላት ትመርጣለች፤ መብቷ ነው። ለልጆችም በዕድሜያቸው ልክ እውነቱ ይነገር። የሰባት ዓመት ልጅ እናቱ ፀጉሯ ሲረግፍ ምክንያቱን ካልሰማ «ስላስቸገርኳት ነው» ብሎ ራሱ ምክንያት ይፈጥራል።

ምን ይባላል

ብዙ አይባልም። «የኛ ሰፈርም አንዷ እንዲህ ሆና ነበር» ብሎ የሚጀምር ወሬ መጨረሻውን አስባችሁ ጀምሩ፤ ስንቱ ሰው ነው መሃል ላይ ደርሶ ያቺ ሴት መሞቷ ትዝ የሚለው! «የሰው ዓይን ነው»፣ «ጡት ስላላጠባሽ ነው» የሚሉትም ይቅሩ። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ደግ ንግግር ነው፣ ግን ሥራውን ወደሷ ይመልሳል፤ ይሉኝታ ያላት ሴት መቼም አትነግራችሁም። ሊደረግ የተወሰነ ነገር መናገር ይሻላል። የስልክ መልእክት ቢሆን እንዲህ ያለው ይበቃል፦

«እቴ፣ ሐሙስ ለደም ምርመራ 1 ሰዓት ላይ እኔ ነኝ የምወስድሽ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሰናይት ታመጣለች። መልስ መጻፍ አይጠበቅብሽም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል አትመስለኝም። የታመመ ሰው ስልክ በ«እንዴት ነሽ» ይሞላል፣ ለሁሉም መመለስ ራሱ ድካም ነው። አንድ ሰው ወኪል ሆኖ ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ቢያሳውቅ እሷ ታርፋለች። ዝም ብሎ መቀመጥም ይቻላል። አጠገቧ ሆኖ ድራማ ማየት፣ የሰፈር ሐሜት ማውራት፣ ማሳቅ። ጠያቂ ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ሲገባ ሳቅ የሚያመጣ ሰው ይናፈቃል። ቡና ላይ የሚወራውን ወሬ ታማሚዋ ከሰማች ሁለት ወር አልፏታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳኑንም ወንበሩንም ብሩንም በሰዓታት ውስጥ ያቀርባል። ያው እድር ለአባሉ ስምንት የታክሲ መመለሻና አንድ ቴርሞሜትር ቢያቀርብ ለብዙ ጊዜ ድንኳኑ ሳያስፈልግ ይቆይ ይሆናል። ደንቡን ማሻሻል ለሚችሉ ሊቀመንበሮች ነው የምናገረው።

ከስምንተኛው በኋላ

በፓክሊታክሰሉ ዙሮች ማቅለሽለሹ ይቀንስና ሌላ ነገር ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን አጥንቷን ይቆረጥማታል፤ የእጅና የእግር ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ቁልፍ መቆለፍ፣ ሽንኩርት መክተፍ ያቅታታል፣ የጋለ ምጣድ ሳይሰማት ያቃጥላታል። ለሐኪሟ ትንገር፣ እንጀራውንም ሌላ ሰው ይጋግር። ከዚያ የመጨረሻው ጉሉኮስ ይነቀላል፣ ቤተሰቡ «እንኳን ማረሽ» ብሎ ይደግሳል። ይደግስ።

ድግሱ ሲያልቅ ግን ሰዉ እንደገና ይበተናል፣ ሕክምናው ደግሞ አላለቀም። ለብዙዎቹ ጨረር ይቀጥላል። ድካሙ ለወራት ይቆያል፤ ፀጉሯ የበቀለ ሴት «አሁንማ ደህና ነሽ» ሲሏት እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚላት ለመናገር ታፍራለች። በአገራችን ከተጠኑ የጡት ካንሰሮች ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ሆርሞን የሚቀበሉ ናቸው፤ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በየቀኑ አንድ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይወስዳሉ። ሙቀት ሙቀት ያደርጋል፣ ያልባል፣ ያናድዳል። የሚታይ ሕመም ስለሌለ ብዙዎች በመሃል ያቆሙታል። በኢትዮጵያ በስምንት ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ፣ የሠለጠኑ ነርሶች እየደወሉና እያስረዱ የተከታተሏቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ኪኒናቸውን በትክክል ሲወስዱ እንደቆዩ አሳይቷል። ነርሶቹ የሠሩት የተለየ ጥበብ አልነበረም፤ ስለ መድኃኒቱ አስረድተዋል፣ ቀጠሮ አስታውሰዋል። ያን የሚያደርግላት ነርስ ከሌለች፣ በየወሩ ኪኒኑ ከማለቁ ሳምንት በፊት የሚደውልላት ሰው ማን እንደሚሆን ድግሱ ላይ ሁሉም እያለ ይወሰን።